ቴርሞስታቱን ነቅለው ከመጣልዎ በፊት

መኪና ሲያፈላ ብዙ ጋራዥ ውስጥ የመጀመሪያው ፍርድ የሚወድቀው ቴርሞስታቱ ላይ ነው። ይነቀላል፣ «ለእኛ አገር አየር አያስፈልግም» ይባላል፣ ቤቱ ባዶውን ይታሰራል። መኪናው ለጊዜው ማፍላቱን ካቆመ ባለቤቱም መካኒኩም ተመሰጋግነው ይለያያሉ። ይህ ልማድ ግን ብዙ ሞተር ያለ ዕድሜው እያስረጀ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያለውን ሞተር አክብረን መያዝ ግድ ሆኗል።

ቴርሞስታት ቀላል ዕቃ ነው። መሃሉ ላይ ባለችው ትንሽ የብረት ጽዋ ውስጥ ሰም ታሽጓል። ውሃው ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ያብጥና ዘንጉን ይገፋል፤ ክዳኑ ተከፍቶ ውሃው በራዲያተር በኩል ይዞራል። ሲቀዘቅዝ ሞላው መልሶ ይዘጋዋል። የሚከፈትበት ሙቀት አካሉ ላይ ተቀርጿል፤ በብዙ ቶዮታ 82 ዲግሪ ነው። ሞተር የሚሠራው ለዚያ ሙቀት ታስቦ ነው። ከዚያ በታች ሲቆይ ኮምፒውተሩ «ገና አልሞቀም» ብሎ ነዳጅ ይጨምራል፣ ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበት ሳይተን ይቀራል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል።

ነቅሎ መጣሉ ማፍላቱንም ሁልጊዜ አያድንም። ብዙ ቴርሞስታት ከታች በኩል ሁለተኛ ክዳን አለው። ሞተሩ ሲሞቅ ይህ ክዳን ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ዕቃው ከተነቀለ አቋራጩ ክፍት ስለሚቀር የፈላው ውሃ ከፊሉ ሳይበርድ ይመለሳል። በሜዳ ላይ አይታወቅ ይሆናል፤ ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛ ግን ይታወቃል።

ታዲያ ጥፋቱ የቴርሞስታቱ መሆኑ በምን ይለያል? ተዘግቶ ከቀረ መኪናው ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ ሙቀቱ ሽቅብ ይወጣል፤ ሞተሩ እየነደደ የራዲያተሩ የታችኛው ቱቦ ግን እንደቀዘቀዘ ይቆያል። ተከፍቶ ከቀረ ምልክቱ ተቃራኒ ነው፦ ጌጁ ከመሃል በታች ይቀራል፣ የካቢኑ ማሞቂያ ለብ ያለ አየር ብቻ ይሰጣል፣ ነዳጅ ይበላል፣ በኮምፒውተር ሲታይ ፒ0128 የሚል ኮድ ሊወጣ ይችላል። ቪትዝን በመሰሉ፣ ጌጅ በሌላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ሰማያዊዋን መብራት ይመልከቱ። ጠዋት በርታ ትንሽ እንደተነዳ መጥፋት ያለባት መብራት ረጅም መንገድ አብራ ከሄደች ቴርሞስታቱ ወይ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ወይ ከናካቴው የለም።

ቆሞ በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ የሚያፈላ፣ ሲሮጥ ግን የሚበርድ መኪና ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ቬንትሌተሩ ይሂድ። ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ከዓባይ በረሃ ሽቅብ ሲወጣ ብቻ የሚያፈላ ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ወይም ቴርሞስታቱ እስከ መጨረሻው አይከፈትም። ውሃው ገና ሳይሞቅ አረፋ የሚደፍቅ ከሆነ የቴስታታ ጋስኬት ይታይ።

ከሁሉ በፊት ግን የራዲያተሩ ክዳን ይፈተሽ፤ ይህን የምለው በተለይ ለደጋ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ ጤነኛ ከሆነ ግፊቱን ይዞ የመፍያውን ሙቀት ከ110 በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ግን ቴርሞስታቱ በሚከፈትበት 82 እና ውሃው በሚፈላበት 92 መካከል የሚቀረው 10 ዲግሪ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ቴርሞስታቱ ምንም ሳያጠፋ መኪናው ያፈላል። ክዳኑ የሚከፈተው ሞተሩ በደንብ ከበረደ በኋላ ብቻ ነው፤ ትኩሱን ሲከፍቱ ፊታቸው የተቃጠለ ብዙ ናቸው።

ያው የ92 ዲግሪ ነገር ቴርሞስታትን በድስት ውሃ ውስጥ የመፈተሹን ዘዴም ይለውጠዋል። ፍተሻው እንዲህ ነው፦ የቴርሞስታቱ ክዳን በእጅ ወይም በመፍቻ ትንሽ ገፋ ተደርጎ ቀጭን ክር ይነከሳል፤ ቴርሞስታቱ በክሩ ተንጠልጥሎ የድስቱን ግርጌ ሳይነካ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ቴርሞሜትር አጠገቡ ይደረጋል። ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ክዳኑ ክሩን ይለቅና ዕቃው ይወድቃል። በዚያች ቅጽበት የተነበበው ቁጥር የመክፈቻው ሙቀት ነው፤ አካሉ ላይ ከተቀረጸው ከ2 ዲግሪ በላይ ባይርቅ ይመረጣል። 82 የተጻፈበት አዲስ አበባ ላይ ያለችግር ይፈተሻል። 88 ወይም 92 የተጻፈበት የአውሮፓ መኪና ቴርሞስታት ግን በፈላ ውሃ ውስጥ እንኳ ጥቂት ብቻ ሊከፈት፣ ወይም ጨርሶ ላይከፈት ይችላል። ጤነኛው ዕቃ «ሞቷል» ተብሎ የሚጣለው እዚህ ላይ ነው። ድሬዳዋ ላይ ቢሆን ውሃው 96 ገደማ ስለሚደርስ ያው ዕቃ በተከፈተ ነበር። መፍትሔው ውሃውን ከኩላንት ጋር ግማሽ በግማሽ ማድረግ ነው፤ የመፍያው ሙቀት ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል። ኩላንት መርዝ ስለሆነ ድስቱ ዳግመኛ ለምግብ አይዋል።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ። የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሲገቡ መጀመሪያ የሚሰሙት «ኦሪጅናል ነው ወይስ ሌላ?» የሚለውን ነው። የመኪና ፋብሪካዎች ቴርሞስታትን አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው አይሠሩም፤ በዚህ ሥራ ከተካኑ አምራቾች ያዝዛሉ። እንደ ጃፓኖቹ ታማ እና ኒፖን ቴርሞስታት፣ እንደ ጀርመኑ ቫለር ያሉ አምራቾች በራሳቸው ካርቶን የሚሸጡትን ዕቃ «ኦሪጅናል አይደለም» ብሎ መናቅ አይገባም። በሌላ በኩል የታወቀ ስም ያለበት ካርቶን ውስጥ ተመሳስሎ የተሠራ ዕቃ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ካርቶኑን ትተው ዕቃውን ይዩ፤ የተነቀለውንም ይዘው ይሂዱ። የተቀረጸው ዲግሪ አንድ ይሁን፤ «ለሞቃት አገር ይሻላል» ተብሎ 76.5 የሚከፈተው ለ82 ምትክ አይወሰድ። የዙሪያው ስፋትና የሞላው ርዝመት ይመጣጠን። አሮጌው ሁለተኛ ክዳን ካለው አዲሱም ይኑረው፤ ይህ የጎደለው ርካሽ ዕቃ፣ ነቅሎ ከመጣል ብዙም አይለይም። በጠርዙ ላይ ያለችው አየር ማስወጫ ትንሽ ቀዳዳና በውስጧ የምትንቀጠቀጠው ፍሬም አትቅር። እሷ ከሌለች አየር ታፍኖ በአዲሱ ቴርሞስታት እንኳ መኪናው ሊያፈላ ይችላል። ሲገጠም በቶዮታ አብዛኛውን ጊዜ ይህች ቀዳዳ ወደ ላይ ትሆናለች፣ ሰም ያለበት ጎን ወደ ሞተር ይዞራል፣ ጎማውም አዲስ ይደረጋል።

አዲስ ዕቃ ደግሞ ሳይፈተሽ አይገጠም። አሮጌውንና አዲሱን አንድ ድስት ውስጥ አንጠልጥሎ ማየት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ የትኛው ጥፋተኛ እንደሆነ ከሻጩም ከካርቶኑም በላይ ይናገራል። እዚያው ላይ የቧንቧ ውሃ ማዞሩን ትተው ኩላንት ይሙሉ፤ ዝገትና ደለል ከጊዜ በኋላ ጥሩውንም ቴርሞስታት ያጣብቁታልና።

መኪናዎን ከሌላ ሰው የገዙ ከሆነ ቴርሞስታት ይኑረው አይኑረው አሁኑኑ በመካኒክዎ ያስፈትሹት። ከሌለው በሚቀጥለው ሰርቪስ ያስገጥሙለት፤ ወጪው ሞተር ከማውረድ ጋር አይወዳደርም።