የተተኮሰ ቀለህ ተመልሶ ጥይት ይሆናል ወይ?

የዛሪማና የአካባቢዋ ገበሬዎች ሆይ፣ ከንባብ በኋላ ስንጨዋወት ደጋግማችሁ የምታነሡት ጥያቄ አለ። «አያቶቻችን የውጅግራን ቀለህ እየሞሉ ይተኩሱ ነበር። ጥይት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ እኛስ የክላሹን ቀለህ ለምን እንጥላለን? ለጀማሪ የሚሆን መሙያ የትኛው ነው?» ትላላችሁ። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ትንሽ ረዘም ይላል። ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ዓይናችሁ ሲደክም አቁሙና ነገ ቀጥሉ።

በመጀመሪያ ጥይት ምንድን ነው? አራት ነገር ነው። አረሩ ሄዶ የሚመታው ነው። ባሩዱ ነዶ አረሩን የሚገፋው ነው። ቀለሁ ሁሉንም የሚይዘው ዕቃ ነው። አራተኛዋ በቀለሁ መቀመጫ መሐል የተተከለችው ትንሽ ክብ ናት፤ አቀጣጣይ እንበላት። ቃታ ሲሳብ መርፌው እሷን ይመታል፤ እሷ እሳት ትሰጣለች፤ ባሩዱ ይነዳል። በዚያች ቅጽበት ቀለሁ ይለጠጥና ከጎረሰበት ቤት ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። እሳቱ ወደ ተኳሹ ዓይን የማይመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የተተኮሰ ቀለህ እንደ አዲሱ አይደለም፤ ሰፍቷል፣ ደክሟልም።

የውጅግራ ነገር እንዴት ነበር? ውጅግራ በፈረንጆች 1874 የወጣ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። ስሙም «ፉዚል ግራ» ከሚለው የመጣ ነው። ቀለሁ ወፍራም ናስ ነው። ባሩዱ ጥቁሩ፣ ብዙ የሚጨሰው ዓይነት ሲሆን አምስት ግራም ያህል ይገባበታል። አረሩ 25 ግራም እርሳስ ነው፤ እርሳስ ደግሞ በከሰል እሳት ይቀልጣል። ጥቁር ባሩድ ቀለሁን ሞልቶ ስለሚይዝ እጥፉን ልጨምር ቢሉ ቦታ የለም። ጥቂት ቢተርፍ ወይም ቢጎድል ጠመንጃው ይችለዋል። በዚህ የተነሣ ቀለህ አጠራቅሞ መልሶ መሙላት በአገራችን የታወቀ ሥራ ሆነ። ጥይትም በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ታዲያ ያን ጊዜም ቢሆን እንደገና የተሞላው ብዙ ጊዜ ይከሽፍ ነበር፤ ይህን ሽማግሌዎች ሲያወሩ አይነግሩንም።

ከዚያ ጢስ የሌለው ባሩድ መጣ። ፈረንሳዮች በ1886 ለበን በምንለው ጠመንጃ አስገቡት፤ ምንሽርም ክላሽም የሚተኩሱት በዚህ ዓይነት ባሩድ ነው። ክላሽ በፈረንጆች 1947 የተሠራ ሲሆን በጥይቱ ውስጥ ያለው ባሩድ አንድ ግራም ተኩል ያህል ብቻ ነው። ማነሱን አይታችሁ አትናቁት። ሊማሊሞን ስትወርድ የምታዩዋትን የጭነት መኪና ጎማ አስቡ። በክላሽ ቀለህ ውስጥ የሚነሣው ግፊት በዚያ ጎማ ውስጥ ካለው ከአራት መቶ ጊዜ በላይ ይበልጣል። ይህን ሁሉ ይዞ ከፊታችሁ የሚያግደው ያ የደከመ ቀለህ ነው።

በሕግ በተፈቀደባቸው አገሮች፣ በአሜሪካ ለምሳሌ፣ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች እስከ ዛሬ ቀለህ ይሞላሉ። እነሱ ለጀማሪ ምን ይመክራሉ? ሰው ቀድሞ የሚመኘው መጫኛውን ማሽን ነው። የሚቀድመው ግን ሚዛኑ ነው። እነሱ የሚጠቀሙበት ሚዛን ስድስት ሚሊግራም ልዩነት ያሳያል። ይህ ስንት ነው? ሃያ የጤፍ ፍሬ ያህል ነው። በገበያችን ሽንኩርትና ቡና የሚመዘንበት ሚዛን ሃያ የጤፍ ፍሬ ቢጨመርበት ምኑንም አያውቅ።

ሁለተኛው መጽሐፍ ነው። አዎ፣ መጽሐፍ! ለእያንዳንዱ ቀለህ፣ ለእያንዳንዱ አረርና ለእያንዳንዱ የባሩድ ዓይነት ልኩ በሠንጠረዥ ተጽፏል። ባሩድ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የሽጉጡ ቶሎ ይነዳል፣ የጠመንጃው ይዘገያል፤ በዓይን ሲታዩ ግን ሊመሳሰሉ ይችላሉ። የሽጉጡን በጠመንጃ ቀለህ የጨመረ ሰው ጠመንጃውን በፊቱ ላይ ያፈነዳል። ከሌላ ጥይት ባሩድ ገልብጦ መሙላትም እንዲሁ ነው፤ ስሙ ያልተጻፈበትን ባሩድ ማንም ሊለካው አይችልም።

መጫኛው ሦስተኛ ነው። ለጀማሪ የሚመከረው በአንድ ጊዜ አንድ ቀለህ፣ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራው ነው። ብዙውን በአንድ ዙር የሚያወጣው ማሽን ያጓጓል። ነገር ግን አንዱን ቀለህ ባዶ ቢያሳልፍ፣ አንዱን እጥፍ ቢሞላ ጀማሪው አያየውም።

አሁን ወደ ክላሹ ቀለህ እንመለስ። ቀለሁ አብዛኛውን ጊዜ ናስ ሳይሆን ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ናስ ተለጥጦ ወደ ልኩ ቢመለስም ብረት ያን ያህል እሺ አይልም፤ ይሰነጠቃል፣ ይዝጋል። ሌላም አለ። የተተኮሰችው አቀጣጣይ ካልወጣች አዲስ አትገባም። የአሜሪካኖቹ ቀለህ በመሐል አንድ ቀዳዳ ስላለው በመርፌ ተገፍታ ትወጣለች። ይህን ዓይነት የፈጠረው እንግሊዛዊው ቦክሰር ነው። የሰናድርን ጥይት የሠራውም እሱ ሲሆን፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት የገጠመው የእንግሊዝ ጦር ሰናድር ይዞ ነበር። የክላሹ ቀለህ ግን በመሐሉ ቀዳዳ የለውም፤ በጎን ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። መርፌው ቢገፋ ይሰበራል እንጂ አያልፍም። ዘመናዊ መጫኛ ከውጭ ቢመጣላችሁ እንኳ ለዚህ ቀለህ አይረዳችሁም። ስለዚህ «የትኛውን እንግዛ?» ላላችሁት መልሴ «የትኛውንም አትግዙ» ነው። በዚያ ላይ የ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177፣ ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራትንም መነገድንም አይፈቅድም።

ሆኖም ሌላው የሞላው ጥይት እጃችሁ ሊገባ ይችላል። እንዴት ይታወቃል? አረሩን በጣት ያዝ አድርጋችሁ አዙሩት፤ ከተነቃነቀ ተነካክቷል። የቀለሁ አንገት ከተፋፋቀ ወይም በመቀመጫው ላይ ያለችው አቀጣጣይ ከተጨረፈች አታጉርሱት። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ በአዲአርቃይና በዛሪማ አልፎ እስከ ዳባት ከደረሰ ወዲህ በየማሳው የሚገኘውን ጥይትና ቦምብ ደግሞ ጭራሽ አትንኩት። ልጆችን አርቁ፣ ቦታውን በድንጋይ ምልክት አድርጉ፣ ለፖሊስ ተናገሩ።

ሁለት ነገር ደግሞ ሚሊሻ የሆናችሁ ያዙልኝ። ቃታ ስባችሁ ጥይቱ ዝም ካለ ወዲያው አትክፈቱት። አፈሙዙን ሰው ከሌለበት አቅጣጫ እንዳደረጋችሁ ግማሽ ደቂቃ ቆዩ፤ ዘግይቶ የሚነሣ ጥይት አለ። ሁለተኛው ይብሳል። ተኩሱ እንደ ወትሮው ሳይጮህ «ጱፍ» ብሎ ከቀረ ባሩድ አልነበረውም ማለት ነው። አቀጣጣይዋ ብቻዋን አረሩን ገፍታ አፈሙዙ ውስጥ ወትፋዋለች። በዚያ ላይ ሌላ ጥይት ከተኮሳችሁ ብረቱ ይፈነዳል። ካዝናውን አውጡ፣ የጎረሰውን አስወጡ፣ ጠመንጃውንም አረሩን አውጥቶ ለሚያጸዳ ባለሙያ ሳትሰጡ አትተኩሱበት።