ስለ ዐዲስ ሕያዋን ነገሮች አስቀድሞ ስለ ማስታወቅ፤ ለጉራጌ አገር ሹማምንትና ባለእርሻዎች

ከወልቂጤ ወደ ደጋው ለሚወጣ መንገደኛ በየቤቱ ጓሮ የሚታየው እንሰት ነው። ቆጮውና ቡላው ለቤተ ሰብ ምግብ፣ ቃጫው ለገመድ፣ ቅጠሉ ለመጠቅለያና ለከብት ይሆናል፤ ዝናብ በሚያጥርበት ዘመንም ተክሉ ስለሚታገሥ የቤቱ ጎተራ እርሱ ነው። ይህን ጎተራ የሚያፈርስ አንድ ጠላት አለ፤ እርሱም እንሰት አጠውልግ የተባለው በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ሲሆን፣ የሚሻገረውም በበሽተኛ ችግኝ፣ በቢላዋና በነፍሳት ነው።

ይህ ባክቴሪያ በኢትዮጵያ በእንሰት ላይ በ1960 ዓ.ም.፣ በሙዝም ላይ በ1966 ዓ.ም. በሊቃውንት ተመርምሮ ተጻፈ። በ1994 ዓ.ም. ገደማ በኡጋንዳ ሙዝ ላይ ታየ፤ ከዚያም ወደ ኮንጎ፣ ወደ ሩዋንዳ፣ ወደ ታንዛንያና ወደ ሌሎችም ጎረቤት አገሮች አልፎ የብዙ ሰዎችን እርሻ አጠፋ። በማን እጅ ድንበር እንደ ተሻገረ የተመዘገበ ነገር የለም። አስቀድሞ ያስታወቀ ሰው አልነበረምና።

እንግዲህ ማስታወቅ ማለት ምን እንደ ሆነ መረዳት ይገባል። ብዙ ሰው ጨርቅና ብረት ከውጭ አስመጥቶ፣ ጉምሩክ ላይ ቀረጥ ከፍሎ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ዘርንና ችግኝንም እንዲሁ ለማውጣት የሚቻለው ይመስለዋል። ነገር ግን ብረት በመጋዘን እንደ ተቀመጠ ይኖራል፤ ዘር፣ ትልና ባክቴሪያ ግን ይራባሉ። በስሕተት የገባ ብረት ተመልሶ ይወጣል፤ በስሕተት የገባ ተባይ ግን ተሰብስቦ አይመለስም። ስለዚህ ሕጉ የሚጠይቀው ሕያው ነገር ገና በላኪው አገር ሳለ እንዲነገር ነው።

ሥርዓቱ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የዕፀዋት ኳራንቲን ደንብ ቁጥር 4 የተዘረጋው ነው። አስመጪው አስቀድሞ የማስገቢያ ፈቃድ ያወጣል፤ የላኪው አገር መንግሥትም የዕፀዋት ጤንነት ምስክር ወረቀት አብሮ ይሰጣል፤ ተክሉ በተወሰነው በር ሲደርስ መርማሪ ያየዋል፤ ተባይ የተገኘበት እንደ ሁኔታው በመድኃኒት ይታከማል፣ ይመለሳል ወይም ይጠፋል። ይህን ሥራ ዛሬ የሚመራው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው።

ሁለተኛው ልውጥ ሕያው ስለሚባለው ነው። ልውጥ ሕያው ማለት በማዳቀል ሳይሆን በጥበብ ሥራ ከሌላ ፍጡር የተወሰደ ዘረ መል የገባበት ተክል፣ እንስሳ ወይም ደቂቅ ሕያው ነው። ስለዚህ ነገር በ1992 ዓ.ም. የካርታኼና ፕሮቶኮል የተባለው የመንግሥታት ውል ተፈረመ፤ በ1995 ዓ.ም. መጨረሻም ጸና። በውሉ ድርድር ላይ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የአፍሪካን አገሮች ቃል በማስተባበር የታወቀ ሥራ ሠርተዋል። ኢትዮጵያም የደኅንነተ ሕይወት ዐዋጅ ቁጥር 655ን በ2001 ዓ.ም. አወጣች፤ በ2007 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 896 ተሻሽሎ ለምርምርና ለትምህርት የሚሆነው መንገድ ቀለል አለ። ልውጥ ሕያው የሚያስመጣ ብቻ ሳይሆን በአገር ውስጥ የሚሠራም ሰው አስቀድሞ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ማመልከት፣ ሊያደርስ የሚችለውንም ጉዳት መርምሮ በጽሑፍ ማቅረብ ግዴታው ነው። በ2010 ዓ.ም. ትል የሚቋቋሙ ሁለት ዓይነት የሕንድ ጥጥ ዘሮች የተፈቀዱት በዚህ መንገድ አልፈው ነው። ሕጉ የኢትዮጵያ ብቻም አይደለም፤ በካናዳ በአገሩ መዝገብ ያልተጻፈ ሕያው ነገር የሚያስመጣ ወይም የሚያመርት ሁሉ አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ምርመራው እስኪፈጸምም ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ ለነጋዴው መሰናክል ነው የሚል ሹም ቢኖር የትግራይን በለስ ይመልከት። በ1996 ዓ.ም. ገደማ ኮቺኒል የተባለ ነፍሳት ወደ ትግራይ ገባ፤ በበለስ ላይ ተራብቶ፣ ተደርቆ ቀይ ቀለም እንዲወጣው ታስቦ ነበር። ሐሳቡ ለጥቅም ነበር፤ ቀለሙም በዓለም ገበያ ዋጋ አለው። ነገር ግን በክረምት ወራት ለድኃው ምግብ፣ በበጋም ለከብቱ መኖ የሚሆነው ያው በለስ ነበረ። የነፍሳቱ ጫጩት እንደ አቧራ ቀላል ስለ ሆነች ነፋስ ይወስዳታል፤ ከታሰበላት ስፍራ ወጥታም የገበሬውን በለስ አደረቀችው። ቀለሙን የፈለገው ሌላ፣ በለሱን ያጣው ሌላ ሆነ። የማንጎ ነጭ ተባይም በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ በምሥራቅ ወለጋ ሲታይ፣ ከውጭ ከመጣ ችግኝ ጋር እንደ ገባ ይታመናል።

ከውጭ የመጣ ሁሉ ክፉ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬ ለጉራጌ ገበሬ የታወቀ የገንዘብ ምንጭ ነው፤ ድንችም እንዲሁ ከውጭ የመጣ ነው። ሆኖም ባሕር ዛፍ በምንጭ አጠገብና በእንሰት ማሳ ዳር ይተከል ወይስ አይተከል የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል አላለቀም።

በቡታጅራ ገበያ ከመስቃንና ከማረቆ ከሚመጣው በርበሬ አጠገብ የአትክልት ዘር ይሸጣል። የወረዳው ሹም እዚህ ላይ ሊመለከተው የሚገባው ቀላል ነው፤ በማሸጊያው ላይ የዘሩ ስም፣ የመጣበት አገርና ዓመቱ ተጽፏልን? ሻጩስ የገባበትን ወረቀት ያሳያልን? በጎ አድራጊ ማኅበር በነጻ የሚያድለው ችግኝም ቢሆን ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም፤ እንዲያውም በነጻ የመጣውን ማንም ስለማይመረምር የበለጠ ሊጠየቅ ይገባዋል። ወረቀት የሌለው ዘር ሳይዘራ ተይዞ ለግብርና ጽሕፈት ቤት ይነገራል፤ በእርሻ ዳር መጣል መዝራት ነውና አይጣልም።

ከወረዳ ወደ ወረዳ ለሚሄድ የእንሰት ችግኝ ግን ጉምሩክ የለም። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ርእሰ ከተማ ሆነው ቢለዩም፣ አጠውልግ የዞን ወሰን አያውቅም። ችግኝ የሚገዛ ሰው ከየትኛው መንደር እንደ መጣ መጠየቅ፣ በዚያም መንደር በሽታ አለመኖሩን ማረጋገጥ አለበት። የበሽታው ምልክት የመካከሉ ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆኖ መጠውለጉ፣ ግንዱም ሲቆረጥ ወዛም ፈሳሽ ማውጣቱ ነው። የታመመው ተነቅሎ ይቀበራል፤ ለከብት አይሰጥም፤ ቢላዋውም ወደ ሌላ ተክል ከመሄዱ በፊት በእሳት ይለበለባል ወይም በበረኪና ይታጠባል። በዚህ ነገር ከብዙ ደብዳቤ አንድ የጋለ ቢላዋ ይጠቅማል።

በመጨረሻ የሚነገር አንድ ነገር አለ። ይህን በሽታ የሚቋቋም እንሰት በዘረ መል ጥበብ ለማግኘት ምርምር ሲደረግ ቆይቷል። እንዲህ ያለ እንሰት ወደ ገበሬው ጓሮ የሚወጣበት ቀን ቢመጣ፣ የባለሥልጣኑ ፈቃድ በጽሑፍ ካልታየ በቀር የዞን ወይም የወረዳ ሹም በራሱ ሥልጣን ሊያስተክለው አይችልም። ማመልከቻው ለሕዝብ አስተያየት በሚቀርብበትም ጊዜ የጉራጌ ገበሬ የሚናገረው እንዲኖረው፣ በየቀበሌው ያሉት የእንሰት ዓይነቶች፣ አስታራው፣ ጓርየው፣ አጋደውና ሌላውም፣ በየስማቸውና በየጥቅማቸው ከአሁኑ ተመዝግበው በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሊቀመጡ ይገባል።