ከሻንሲ እስከ ተሳቢ፦ የፒካፕ መጎተቻ በፎገራ ሜዳ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና፣ በደርግ ዘመን በቻይና ርዳታ ተሠርቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ ከሚዘልቀው መንገድ ጋር የሚገናኘው በወረታ በመሆኑ፣ ከተማዋ የፎገራን ሜዳ ምርት ተቀብላ የምታሳልፍ በር ሆናለች። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋውና የርብና የጉማራ ወንዞች ደለል የሚያለብሱት ይህ ሜዳ፣ ሩዝ በ1970ዎቹ ከገባበት ወዲህ የሚወጣው ጭነት በዓይነትም በመጠንም ተለውጧል። አዝመራው ሲደርስ ያልተፈተገው ሩዝ በኩንታል ወደ መፈተጊያ ቤቶች፣ ገለባው ለከብት መኖ ወደየቤቱ፣ መውቂያ ማሽኑ ደግሞ ከማሳ ወደ ማሳ ይጓዛል፤ ማጓጓዣውም የአህያ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ አይሱዙ፣ የትራክተር ተሳቢና የፒካፕ ካሶኒ ነው። ፒካፕ ከኋላው ትንሽ ተሳቢ አስከትሎ እንዲሄድ የሚያስችለው መጎተቻ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ዕቃ ቢመስልም፣ አገጣጠሙ በግምት የሚሠራ ከሆነ አደጋው ከዕቃው መጠን ጋር የማይመጣጠን ነው።

መጎተቻ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያየው ከፓራውልቱ በታች ብቅ የሚለውን ክብ ብረት ብቻ ነው፤ ዋናው አካል ግን በፒካፑ የኋላ ክፍል ሥር አግድም ተዘርግቶ በግራና በቀኝ ከሻንሲው፣ ማለትም የመኪናውን አካልና ጭነት ከሚሸከመው የብረት አጽም፣ ጋር የሚታሰረው ወፍራም ብረት ነው። ከዚህ አግዳሚ ብረት የሚወጣ አንገት መሰል ዘንግ ኳሱን ይይዛል፤ በተሳቢው በኩል ደግሞ ከመጎተቻ ዘንጉ ጫፍ ላይ ኳሱን ከላይ ወርዶ የሚጎርስና በመቆለፊያ የሚጠብቅ ጎድጓዳ ብረት ይገኛል። ሞፈርና ቀንበር በምራን ሲተሳሰሩ ሞፈሩ ሳይላቀቅ እንደልቡ እንደሚዟዟር ሁሉ፣ ኳሱም ተሳቢው ወደ ጎንና ወደ ላይና ታች እንዲንቀሳቀስ ነጻነት ይሰጠዋል። የወረታ ደረቅ ወደብ በሚያስተናግዳቸው ዓይነት ከባድ መኪኖች ላይ የሚታየው ተሳቢ የሚያያዘው ግን በኳስ ሳይሆን በወፍራም ፒንና በቀለበት ስለሆነ፣ ከዚያ ተነሥቶ ለፒካፕ የሚሆነውን መገመት አያዋጣም።

የኳሱ ልክ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በአውሮፓ መደበኛው ኳስ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአሜሪካ በኢንች የሚለኩት የተለመዱ ኳሶች ወደ ሚሊ ሜትር ሲመለሱ 47.6፣ 50.8 እና 58.7 ይሆናሉ። ለ50.8 የተሠራ ጎድጓዳ ብረት በ50 ሚሊ ሜትር ኳስ ላይ ሲቀመጥ የተገጠመ ቢመስልም ልል ይሆናል፤ ለ58.7 የተሠራው በትንሹ ኳስ ላይ ከዋለ ደግሞ ተሳቢው የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ሲነጥር ሊዘል ይችላል። በኳሱና በጎድጓዳው ብረት ላይ ልካቸው ተቀርጾ ስለሚገኝ፣ ከመግዛት በፊት ሁለቱን ማንበብ ብቻ ይህን ስሕተት ያስቀራል።

ከሁሉ በላይ ማብራሪያ የሚፈልገው ግን የክብደት ነገር ነው። ተሳቢው ክብደቱን በሙሉ በራሱ ጎማ አይሸከምም፤ የተወሰነውን በዘንጉ በኩል በኳሱ ላይ ይጥላል፤ ይህም ጫና በአሜሪካ ልማድ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲሆን ይመከራል፣ በአውሮፓ ደግሞ ከዚህ ያነሰ ነው። ጠቅላላ ክብደቱ 1,500 ኪሎ ግራም የሆነ ተሳቢ 10 በመቶውን ኳሱ ላይ ቢጥል፣ አንድ ኩንታል ተኩል ሩዝ በኳሱ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ይቆጠራል። ኳሱ ከኋላው አክስል 1.2 ሜትር ያህል ወደ ውጭ የራቀና በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 3 ሜትር የሆነ ፒካፕ ቢወሰድ፣ ይህ 150 ኪሎ ከፊት ጎማዎች ላይ 60 ኪሎ ያነሣና በኋላው አክስል ላይ 210 ኪሎ ይጨምራል፤ መሪው ቀለል ብሎ ባሌስትራው የሚጎብጠው በዚህ ምክንያት ነው። ኳሱ ላይ የሚያርፈው ጫና የፒካፑ የራሱ ጭነት አካል ስለሆነ፣ ካሶኒው እስከ አፉ ከተሞላ በኋላ ተሳቢ መጨመር ሕጋዊውንም ሜካኒካዊውንም ገደብ ማለፍ ነው።

ጫናው ከሚገባው በታች ሲሆንም ሌላ ጣጣ ይመጣል። ኩንታሎቹ ከተሳቢው አክስል በስተኋላ ከተደረደሩ ዘንጉ ወደ ላይ ይነሣና ተሳቢው ፍጥነት ሲጨምር ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ውዝዋዜው አንዴ ከጠነከረ ፒካፑን ጭምር ከመንገድ ያወጣዋል። ስለዚህ ከባዱ ጭነት ከአክስሉ በላይና ጥቂት ወደፊት፣ ወለሉ ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። የሩዝ ገለባ ቀላል ቢሆንም ከፍ ተደርጎ ስለሚከመር በሜዳው ላይ የሚነፍሰው ነፋስ በጎን ሲመታው እንዲህ ያለውን ውዝዋዜ ሊያስነሣ ይችላል፤ ውዝዋዜ የገጠመው ሾፌርም ነዳጁን ለቆ መሪውን ቀጥ አድርጎ ከመያዝ በቀር መሪ ማወናጨፍ ወይም ፍሬን አጥብቆ መርገጥ አይገባውም።

የአገጣጠሙ ሥራ የሚጀምረው የፒካፑን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት በመለየት ነው፤ ምክንያቱም ትክክለኛ መጎተቻ ለአንድ ሞዴል ተለክቶ የሚሠራና በብዙ ሞዴሎች ሻንሲ ላይ ፋብሪካው አስቀድሞ በተዋቸው ቀዳዳዎች የሚታሰር ነው። ባለሙያው እንደ አስፈላጊነቱ ፓራውልቱንና ትርፍ ጎማውን ያወርዳል፣ ብረት ከብረት የሚገናኝበትን ቦታ ከጭቃና ከዝገት ያጸዳል፣ ከዚያም ራሳቸው ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ያለባቸውን፣ አምራቹ ያዘዛቸውን ብሎኖች ያስገባል። ማጥበቂያው በክንድ ግምት ሳይሆን ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ፣ በተለምዶ ቶርክ ሬንች በሚባለው፣ ይከናወናል፤ ከሚገባው በላይ የጠበቀ ብሎን እንደላላው ሁሉ አደገኛ ነውና። የብየዳ ሥራ በየከተማው ረክሶና ፈጥኖ ስለሚገኝ መጎተቻን ከሻንሲው ጋር በዚያው በይዶ መጨረስ ያጓጓል። ይሁን እንጂ የብየዳው ሙቀት በዙሪያው ያለውን ብረት ባሕርይ ይለውጠዋል፣ የተበየደው ጠርዝም በየጉድጓዱ በሚመጣው ንዝረት ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ደግሞ በቀለምና በጭቃ ሥር ስለሚደበቅ ብረቱ እስኪገነጠል አይታይም። በፓራውልቱ ላይ የሚበየድ መንጠቆ ከዚህም የባሰ ነው፤ ፓራውልት የተሠራው ግጭትን ለመቀበል እንጂ ለመጎተት አይደለም።

ከብረቱ ቀጥሎ የመብራቱ ገመድ ይዘረጋል፤ በሰባት ወይም በአሥራ ሦስት ጫፍ በሚሠራ ሶኬት አማካይነት የፒካፑ የኋላ መብራት፣ የፍሬን መብራትና ፍሬቻ በተሳቢው ላይ አብረው እንዲበሩ ይደረጋል። በአዳዲስ መኪኖች ላይ ገመዱን ዝም ብሎ መቀጠል የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያውክ ስለሚችል ለዚሁ የተሠራ ማገናኛ ያስፈልጋል። ኳሱ ቢለቅ ተሳቢው ብቻውን እንዳይሄድ የሚይዙት ሁለት ሰንሰለቶችም ከዘንጉ በታች ተመሳቅለው ይታሰራሉ፤ መመሳቀላቸው የወደቀው ዘንግ አስፋልቱን ከመውጋቱ በፊት እንዲደግፉት ነው።

ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት መጎተቻው ስንት እንደሚችል ቢሆንም፣ ወሳኙ ጥያቄ ተሳቢው ፍሬን አለው ወይ የሚለው ነው። ለምሳሌ ቶዮታ ሃይሉክስ በአዳዲሶቹ ባለ ሁለት ጋቢና የናፍጣ ሞዴሎቹ በብዙ አገሮች እስከ 3,500 ኪሎ ግራም እንዲጎትት ይፈቀድለታል፤ ይህ ግን ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ሲሆን፣ ከሌለው ገደቡ ወደ 750 ኪሎ ይወርዳል። ባዶው 300 ኪሎ የሚመዝን ፍሬን አልባ ተሳቢ እንግዲህ ከአራት ኩንታል ተኩል በላይ ሊጫንበት አይገባም፤ ይህን ያህሉን ደግሞ ካሶኒው ራሱ ይችለዋል። ለመጎተቻው ወጪ አውጥቶ ለፍሬኑ መሰሰት ስለዚህ ትርጉም የለውም። ለፒካፕ ተሳቢ የተለመደው በግፊት የሚሠራ ፍሬን ነው፤ ፒካፑ ፍጥነቱን ሲቀንስ ተሳቢው ወደፊት ሲገፋ የዘንጉ ጫፍ ወደ ውስጥ ተንሸራቶ የጎማዎቹን ፍሬን ይስባል።

የዚህ ፍሬን ድክመት የሚታየው ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ወረታ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆኑ፣ ልዩነቱ 40 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርቀት ውስጥ ይታለፋል። ሽቅብ ሲኬድ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ተርቦ ማለትም አየርን ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ የሌላቸው የቀድሞ የናፍጣ ሞተሮች በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣሉ፤ ቁልቁል ሲኬድ ደግሞ ተሳቢው ያለማቋረጥ ስለሚገፋ ፍሬኑ እየተፋተገ ይግላል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ፣ በዝግታና ፍሬኑ እንዲበርድ አልፎ አልፎ በመቆም መውረድ የሚመከረው ለዚህ ነው፤ ሲቆምም በተሳቢው ጎማ ሥር ታኮ ይገባል።

ጎማ ያለው የሩዝ መውቂያ በዚህ ሁሉ ውስጥ የተለየ ቦታ አለው። መሣሪያው ዘንግና ጎማ ስላለው ተሳቢ ቢመስልም፣ እንዲህ ያሉ ማሽኖች በአብዛኛው የሚሠሩት በማሳ ፍጥነት በትራክተር እንዲጎተቱ ነው፤ ፍሬንም መብራትም የላቸውም፣ የጎማቸው ኩሽኔታም ለአስፋልት ፍጥነት አልታሰበም። ማሽኑን ከሩቅ ቀበሌ የሚያመጣ ሰው ከፒካፕ ኋላ አስሮ ከመክነፍ ይልቅ በአይሱዙ ላይ ቢጭነው ይሻለዋል።

በኢትዮጵያ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚመራ ሲሆን፣ ተሳቢ የራሱ ሰሌዳ ይወጣለታል። መጎተቻ ያስገጠመ ባለ ንብረት የመጎተቻውን የአምራች ወረቀትና የጋራዡን ደረሰኝ ይዞ አስቀድሞ መንገድ ትራንስፖርት ቢሮን ቢጠይቅ፣ ለዓመታዊው ምርመራና ለቦሎ ሲቀርብ ከጭቅጭቅ ይድናል፤ የመድን ውሉም ተሳቢውን የሚያካትት መሆኑን በዚያው ማረጋገጥ ይገባል።

በፎገራ ክረምት ዋልካው አፈር ሲረጥብ ጎማና ብረት ላይ ይለጠፋል፣ ወንዞቹም ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። በሶኬቱ ውስጥ የቀረ ውሃ የመዳብ ጫፎቹን ያዝጋቸዋል፣ በአግዳሚው ብረትና በሻንሲው መካከል የደረቀ ጭቃም እርጥበት ይዞ ቀለሙን ይበላል። ስለዚህ መስከረም ሲጠባ፣ የአዝመራው ጭነት ሳይጀመር፣ መጎተቻው ታጥቦ ኳሱ ግራሶ ይቀባል፣ ብሎኖቹም በቶርክ ሬንች እንደገና ይፈተሻሉ፤ አዲስ የተገጠመ ከሆነ ደግሞ መስከረምን ሳይጠብቅ የመጀመሪያዎቹን 1,000 ኪሎ ሜትር እንደጨረሰ ወደ ገጠመው ጋራዥ ይመለሳል።