ከጠገራ ብር እስከ ዝቃጭ፦ የከበሩ ማዕድናት የፍሳሽ ጉዞ

በወረኢሉና በአካባቢው ደጋ ከአያት የተወረሰ የአንገት ጌጥ ወይም አምባር ብዙውን ጊዜ ጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ ነው። አንድ ጠገራ፣ ማለትም የማርያ ቴሬዛ ብር፣ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራሙ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው በአመዛኙ መዳብ ነው። አንጥረኛው ሲሞርድና ሲወለውል የሚረግፈው ብናኝ ወዴት ይሄዳል?

እስቲ እናስላ። የሚባክነው ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ነው ብንል እንኳ ከአንድ ጠገራ 0.23 ግራም ብር ይጠፋል። ከፊሉ ከወለሉ ጥራጊ ጋር፣ ከፊሉ ደግሞ እጅና ልብስ በታጠበበት ውኃ ከቤት ይወጣል። ያለቀለት ጌጥም ከቆዳና ከልብስ ጋር ሲፋተግ በዓመታት ውስጥ ይሳሳል። ሌሎች ምንጮችም አሉ፤ የኤክስሬይ ፊልም የታጠበበት ፈሳሽ ብር ይይዛል፤ ሲስፕላቲን በተባለው የካንሰር መድኃኒት ውስጥ ያለው ፕላቲኒም ከታካሚው ሽንት ጋር ይወጣል።

ለምን ዝቃጭ ውስጥ ይከማቻሉ?

ኦክስጅን በሌለበት ፍሳሽ ውስጥ ባክቴሪያዎች ሰልፌትን ወደ ሰልፋይድ ይለውጣሉ። ሁለት የብር አዮኖች ከአንድ የሰልፋይድ አዮን ጋር ሲዋሐዱ በውኃ የማይሟማ ብር ሰልፋይድ ይፈጠርና ይዘቅጣል። የብር ጌጥ ሲቆይ የሚያጠቁረው ሽፋን ይኸው ውሁድ ነው። ስለዚህ በቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያም ሆነ በወረኢሉ የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚካሄደው ኬሚስትሪ አንድ ነው። ወርቅ ግን በቀላሉ ስለማይዋሐድ ደቃቅ ብናኙ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ተጣብቆ ይሰፍራል።

መጠኑ ምን ያህል ነው?

በስዊዘርላንድ በ64 ማጣሪያዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ ጥናት በአገሪቱ ፍሳሽ በየዓመቱ 3,000 ኪሎግራም ያህል ብርና 43 ኪሎግራም ወርቅ እንደሚያልፍ አመልክቷል። ለነፍስ ወከፍ ሲካፈል ብሩ 0.36 ግራም፣ ወርቁ 5 ሚሊግራም ገደማ ይደርሳል። በጃፓን ሱዋ አካባቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተቃጠለ ዝቃጭ አንድ ቶን አመድ 1,890 ግራም ወርቅ ተገኝቷል፤ በዚያው አገር የታወቀው የሂሺካሪ ማዕድን ከአንድ ቶን የሚሰጠው ከ20 እስከ 40 ግራም ነው።

ታዲያ ዝቃጭን እንቆፍር? የስዊዘርላንዱ ጥናት ከጥቂት ቦታዎች በስተቀር ትርፍ እንደሌለው ደምድሟል። አንድ ጊዜ በብዙ ውኃ የተበተነን ብረት መልሶ መሰብሰብ ከዋጋው በላይ ያስወጣል። ለእኛ የሚበልጠው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ዝቃጭ ማዳበሪያ ሆኖ ማሳ ላይ ሲበተን ከብሩ ጋር መዳብና እርሳስ የመሳሰሉት አብረው ይሄዳሉ፤ እነዚህም እንደ ቅጠል በስብሰው አይጠፉም፣ በአፈሩ ውስጥ ይከማቻሉ እንጂ። ስለዚህ ዝቃጭ ከመበተኑ በፊት መመርመር ይኖርበታል።

መፍትሔው ብረቱን ከምንጩ ማስቀረት ነው። አንጥረኛው የወለሉን ጥራጊ አጠራቅሞ ቢያቀልጥ ብሩን ያተርፋል። ፊልም የሚጠቀም ክፍልም ያገለገለውን ፈሳሽ በብረት ሱፍ ላይ ቢያሳልፈው ብረቱ ኤሌክትሮኑን ለብሩ ሰጥቶ ይሟሟል፣ ብሩም ይቀራል። ጥራጊው ዘንድ ሀብት የሆነው ነገር ማሳው ላይ ሲደርስ ዕዳ ይሆናል።