ከፖንቴ ላይ የወደቀ ቀን ሠራተኛ የማን ሠራተኛ ነው?

ኖፓም ሆነ መቱ፣ ጎሬም ሆነ ሁሩሙ፣ የቡና ገንዘብ እጅ ሲገባ የቤት ሥራ ይጀመራል። የኢሉባቦር ዝናብ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ዝናቡ ሳይመለስ ግድግዳው አልቆ ቆርቆሮ መመታት አለበት። በዚህ ጥድፊያ መሀል ቀን ሠራተኛው ከፖንቴ ላይ ወደቀ እንበል። ማን ይጠየቃል?

ባለቤቱን ብትጠይቁ "እኔ ሥራውን በኮንትራት ሰጥቻለሁ" ይላል። ኮንትራቱን የያዘው ግንበኛ "እኔም እኮ እንደሱ ለፍቶ አዳሪ ነኝ" ይላል። ሠራተኛው የሚያውቀው ጠዋት "ና፣ ሥራ አለ" ብሎ የጠራውን ሰው ብቻ ነው። የተፈረመ ወረቀት የለም። ስለዚህ ብዙዎች "ውል ስለሌለ መብትም የለም" ብለው ይተዉታል። ይሄ ስህተት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሚለው ድርጅትን ብቻ አይደለም። አንድ ሰውም ቢሆን የቀጠረ ግለሰብ አሠሪ ነው። የሥራ ውል ደግሞ በቃልም ይጸናል። ደመወዝ የከፈለ፣ "ይሄን ሥራ፣ ያንን ተው" እያለ ያዘዘ አሠሪ ነው። ስለዚህ ቤቱን በኮንትራት ይዞ ቀን ሠራተኞችን የሚያሰማራው ግንበኛ "እኔም ሠራተኛ ነኝ" ብሎ አያመልጥም። እሱ ራሱ ከባለቤቱ ጋር ያለው ግንኙነት ሌላ ነው፤ በራሱ ኃላፊነት ሥራ የወሰደ ሰው ነው እንጂ የባለቤቱ ተቀጣሪ አይደለም።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ሌላው ነጥብ ነው። ሠራተኛው በሥራ ላይ ከተጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። "ምን አጠፋሁ?" የሚለው መከራከሪያ ብቻውን አያድንም። የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል። ሠራተኛው መሥራት ባልቻለበት ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ክፍያ አለው፤ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ የመጨረሻዎቹን 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ። ጭራሽ ሥራ መሥራት የማይችል ሆኖ ከቀረ የዓመት ደመወዙ በ5 ተባዝቶ ይከፈለዋል። ጉዳቱ በከፊል ከሆነ እንደ መጠኑ ይሰላል። ሕይወቱ ካለፈም ለቤተሰቡ ካሳ አለ።

በብር እንየው። በቀን 500 ብር፣ በወር 26 ቀን ይሠራል እንበል። ወሩ 13,000፣ ዓመቱ 156,000 ብር ነው። በ5 ሲባዛ 780,000 ብር ይመጣል። ይሄ ሕክምናውን ሳይጨምር ነው። ስንት መንደር ውስጥ ነው ጉዳዩ በሽማግሌ ተይዞ "ለመድኃኒት ይሁንህ" ተብሎ በጥቂት ሺህ ብር የሚዘጋው? ሽምግልና መጥፎ ነው እያልን አይደለም። ግን ሠራተኛው ምን እየተወ እንደሆነ ሳያውቅ "ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም" ብሎ ከፈረመ ያ እርቅ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው።

አሠሪው የሚድንበት በር አለ፤ ጠባብ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ አስቀድሞ በግልጽ የተነገረውን የደህንነት መመሪያ ከጣሰ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ ከገባ ነው። "በግልጽ የተነገረ" የምትለዋን ልብ በሉ። ሄልሜትና ገመድ ሳያቀርቡ "ተጠንቀቅ ብዬው ነበር" ማለት ብዙ አያስኬድም፤ አዋጁ በአንቀጽ 92 መከላከያውን ማቅረብም አጠቃቀሙን ማሳየትም የአሠሪው ግዴታ ነው ይላልና።

ባለቤቱ ራሱ ሠራተኞቹን በቀጥታ ከቀጠረስ? እዚህ ላይ ክርክር ሊነሳ ይችላል፤ "ለትርፍ አይደለም፣ የራሴን ቤት ነው የሠራሁት" የሚል አይጠፋም። ያም ሆኖ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በጥፋቱ ሰው የጎዳ መካስ አለበት። የበሰበሰ እንጨት ላይ ውጣ ብሎ ማዘዝ ጥፋት ካልሆነ ምን ይባላል?

ስለ እንጨቱ ካነሳን አይቀር፣ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ አረርቲ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። በግንባታ ላይ ባለው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆመው የእንጨት ፖንቴ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ፣ ከ200 በላይ ተጎዱ። ያ የበዓል ቀን ነበር፣ ሕዝቡም ብዙ ነበር። ፖንቴው ግን የተሠራው የእኛም ሠፈር ፖንቴ ከሚሠራበት እንጨት ነው።

የእኛ አገር ችግር ውኃው ነው። አጣናው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲዞር፣ ሲረጥብና ሲደርቅ ይከርማል፤ ውስጡ በስብሶ ላዩ ደህና ይመስላል። ቀዩ ጭቃ ላይ በቀጥታ የቆመ ቋሚ ሌሊት ዝናብ ከዘነበ ጠዋት ሰምጦ ይገኛል። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ጣውላ ማድረግ ምንም አያስወጣም። ፖንቴውን ከግድግዳው ጋር ማሰር፣ መረማመጃውን በአንድ ጣውላ ሳይሆን በሁለት በሦስት ማድረግ፣ በወገብ ከፍታ አንድ አግዳሚ አጣና መምታት፤ ይሄ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከዝናብ በኋላ ሰው ሳይወጣ መፈተሽም እንዲሁ።

ከፖንቴው በላይ የሚያስፈራን ግን ጉድጓድ ነው። ለሽንት ቤት ሦስትና አራት ሜትር ሲቆፈር ጎኑን የሚደግፍ ሰው ብዙም አናይም። ዝናብ የጠጣ አፈር አንድ ሜትር ኩብ ብቻውን ከአንድ ተኩል ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል። እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው፣ ጭንቅላቱ ውጭ ቢሆንም፣ መተንፈስ ያቅተዋል። ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ የሚጠልቅ ጉድጓድ በጣውላና በአጣና መደገፍ አለበት። የወጣው አፈር ከአፉ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። አንድ ሰው ሁልጊዜ ከላይ ይቁም። አሮጌ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ራሱን የሳተን ሰው ለማውጣት ተከትሎ መውረድ ደግሞ ሁለተኛ ሬሳ መጨመር ነው፤ ውስጡ አየር የለም።

ኤሌክትሪክም አለ። ፌሮ 12 ሜትር ነው። በመንደር መሀል የሚያልፈው መስመር 15,000 ወይም 33,000 ቮልት ሊሆን ስለሚችል፣ ፌሮውን አቁሞ ማዞር ቀልድ አይደለም። ሲሚንቶን በባዶ እግር ማቡካትም ቆዳ ያቃጥላል፤ ቦት ጫማ ይግዙላቸው።

ሰው ከወደቀ መጀመሪያ ጀርባው እንዳይታጠፍ። ሞተር ላይ አፈናጥጦ መውሰድ አከርካሪውን ሊጨርሰው ይችላል። ኮንክሪት የምትሸከሙባት ባሬላ እዚያው አለች፤ እሷ ላይ አጋድማችሁ፣ አንገቱን ሳታንቀሳቅሱ፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከባድ ከሆነም ወደ መቱ ካርል ሪፈራል ሆስፒታል አድርሱት።

ከዚያ የወረቀቱ ነገር ነው። የሕክምና ካርዱንና የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ። አብረው የነበሩትን ሠራተኞች ስም ጻፉ፤ ቀን ሠራተኛ ነገ ሌላ ከተማ ነው። የፖንቴውን ፎቶ ሳይፈርስ አንሱ። ስምምነት ካልተገኘ አቤቱታው በወረዳ ፍርድ ቤት የሚታይ ሲሆን፣ ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። የመክሰሻ ጊዜው ግን ያልቃል፤ "እስኪድን እንጠብቅ" እያላችሁ ዓመቱን አታሳልፉ።