የመሬት ረኃብና የዘር ምርጫ

አዝመራ በተበላሸ ጊዜ ምክንያቱ የዝናም መቅረት፥ የአንበጣ መውረድ ወይም የዋግ መምታት ነው እየተባለ ይነገራል። ዳሩ ግን ዝናሙ በወቅቱ ዘንሞ፥ አረሙ ታርሞ፥ ተባይም ሳይነካው እህሉ የሚቀጭጭበት እርሻ አለ። ይህ ከሚሆንባቸው ምክንያቶች አንዱ በአፈሩ ውስጥ ዚንክ የተባለው ማዕድን ማነሱ ነው።

እህል የሚሻው ዚንክ እጅግ ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂት ሲጐድል ግን ቅጠሉ ይገረጣል፥ አገዳው ያጥራል፥ ምርቱም ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ ማዕድኑ ከመሬቱ ፈጽሞ የጠፋ ሆኖ አይደለም፤ ኖራ የበዛበት አፈር አጥብቆ ስለሚይዘው ሥሩ ሊያገኘው አይችልም። ጐርፍ የላይኛውን ለም አፈር ጠርጎ ሲወስድም ጕዳቱ ይበረታል።

ይሁን እንጂ ይህን ችግር እህል ሁሉ እኩል አይሸከመውም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ በቱርክ አገር በአናቶልያ የተደረገው ምርመራ እንዳስረዳው፥ ራይ የተባለው እህል ዚንክ ባነሰው መሬት ላይ ሲጸና፥ ለፓስታ የሚሆነው የዱረም ስንዴ ግን ፈጥኖ ይጐዳል። ከአንዱ የስንዴ ዘር ወደ ሌላውም ልዩነቱ ብዙ ነው። የሚታገሠው ዘር ሥሩ ማዕድኑን ከአፈር የሚያላቅቅ ነገር ያመነጫል፤ ያገኘውንም ጥቂት በሚገባ ይሠራበታል።

በኢትዮጵያም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የተጀመረው የአፈር ካርታ ሥራ በብዙ ስፍራ የዚንክ ማነስ መኖሩን ገልጿል። በ2021 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ደግሞ፥ በአማራ፥ በኦሮሚያና በትግራይ በተሰበሰበው እህል ውስጥ ያለው ዚንክ እንደ ቦታው የሚለያይ መሆኑን አስረድቷል። ዚንክ የጐደለው ምግብ የሚመገብ ልጅ ዕድገቱ ይገታል፥ በሽታን የሚቋቋምበት ኃይሉም ይደክማል። ነገር ግን የእርሻው መታገሥና የፍሬው መበልጸግ ሁለት ነገር ነው፤ ችግሩን የታገሠ ዘር ሁሉ ፍሬው ዚንክ የሞላበት አይደለም። ስለዚህ ዘር ሲመረጥ ሁለቱም ሊመረመሩ፥ አስፈላጊ ሲሆንም ዚንክ ያለበት ማዳበሪያ ሊታከል ይገባል።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ከመርሳ በፊት የምትገኘው ውርጌሳ ለዚህ ነገር የተመቸች ናት። የአካባቢዋ ገበሬ ጤፍና ማሽላ ይዘራል፤ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም በዚያው በሀብሩ ወረዳ ነው። እንግዲህ በሌላ አገር ምርቱ በዛ የተባለውን ዘር በኮታ ከማደል በፊት፥ በውርጌሳ አፈር ላይ ከነባሩ ዘር ጋር ጎን ለጎን ዘርቶ መፈተን የሹማምንት ተግባር ነው።

ካህናትም ቢሆኑ በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። የቅጠል መገርጣት ከሌላ ጉድለትም ስለሚመጣ፥ ገበሬው መቅሠፍት ነው ብሎ ተስፋ ሳይቆርጥ አፈሩን እንዲያስመረምር ቢመክሩት ይሰማቸዋል። አንዱ ዘር እንደ ወደቀበት መሬት ፍሬው የሚለያይ መሆኑን ከወንጌል ምሳሌ ያስተማሩት እነርሱ ናቸውና።