«የቦረና ሰንጋ» ለመሆኑ ምስክሩ ማን ነው?

ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ተነሥቶ በገርጂ በኩል እስከ አያት የሚሄድ ሰው በየልኳንዳው በር ላይ «የቦረና ሰንጋ»፣ «የሐረር ሰንጋ» የሚል ማስታወቂያ ያነባል። ገዢውም ለሥጋው ብቻ ሳይሆን ለስሙ ጭምር ይከፍላል። ስለዚህ ስሙ እውነት መሆኑ በምን እንደሚታወቅ ዛሬ ልንመረምር እንወዳለን።

በመሠረቱ ሁለቱ ስሞች የሚናገሩት አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። የሐረርጌ ገበሬ በሬውን ካረሰበት በኋላ ደጃፉ ላይ አስሮ የማሽላና የበቆሎ አገዳ በእጁ እያጎረሰ ያደልበዋል። እንግዲህ የሐረርን ሰንጋ ያስከበረው ከዘሩ ይልቅ አቀላለቡ ነው። ቦረና ግን በእርግጥ የዘር ስም ነው። ነጣ ወይም ገርጣ ያለው ይኸው ከብት የሚኖረው በሣር ሲሆን፣ በድርቁ ወራት ውሃ የሚጠጣው በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ነው። ያውም ቱላ ከሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች፣ ጎበዛዝቱ ከላይ እስከ ታች ተደርድረው እየዘፈኑ ባልዲ በመቀባበል የሚያወጡለትን ነው። አርቢዎቹ ግዙፉን ቆርቲ፣ አነስ ያለውንና የተደባለቀውን አዩና ብለው ይለያሉ። ዘር መለየት በያቤሎ ሜዳ የቆየ ዕውቀት ነው።

ሥጋው ልኳንዳ ሲደርስ ግን ቆዳውም ቀንዱም የለም። የተንጠለጠለው ሻኛ ምስክር አይሆንም፤ ከሸኮ ከብት በቀር ያገራችን ከብት ሁሉ ማለት ይቻላል ሻኛ አለው። ስቡ ቢጫ ከሆነ ሣር የበላ ነው የሚሉም አሉ። ነገሩ ከፊል እውነት ነው፤ ቢጫውን ቀለም የሚሰጠው እርጥብ ሣር ነውና። ነገር ግን የደረቀ ሣር ይኸን ቀለም ያጣል፤ የቦረና ሜዳ ደግሞ የዓመቱን እኩሌታ የሚበልጠውን ጊዜ ደረቅ ነው። ያረጀ ላም ስብም ቢጫ ይሆናል።

ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም እዚሁ ጉርድ ሾላ ግቢ አለው። የሣርና የመኖ ዘርም ያከማቻል። የከብት ሙሉ የዘር ካርታ እ.ኤ.አ. በ2009 ከታተመ ወዲህ ከአንዲት ቁራጭ ሥጋ በዲኤንኤ ምርመራ ዘርን መገመት ይቻላል። የምርመራው መልስ ግን «ይኸን ያህል እጅ ቦረና» የሚል ነው እንጂ ከብቱ የት እንደዋለና ምን እንደበላ አይናገርም።

ጎረቤታችን ኬንያ ሌላ መንገድ ይዛለች። ከቦረና አርቢዎች የተገኘውን ዘር የያዙ ባለ እርሻዎች እ.ኤ.አ. በ1951 ማኅበር አቋቁመው የትውልድ መዝገብ ይጽፉለት ጀመር። ዘሩም «ቦራን» ተብሎ እስከ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ተሻገረ። የዘሩ ባለቤት የሆነው የእኛ አርቢ ግን ሜዳውን ማቃጠል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከተከለከለ ወዲህ ቁጥቋጦው ሣሩን እየወረሰበት፣ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አምስት ዝናም በተከታታይ ቀርቶበት መንጋውን ቀበረ። በቦሌ በስሙ የሚከፈለው ገንዘብ ወደ እርሱ የሚመለስበት መንገድ አልተበጀም።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይመስለንም። የቦረና ጎሣዎች የከብታቸውን ጆሮ በየራሳቸው ምልክት ይቆርጣሉ። ይኸው ልማድ ቁጥር ባለው የጆሮ መለያና በመዝገብ ቢታገዝ፣ ቁጥሩም በካራ የከብት ገበያ ሳይደባለቅ እስከ ቄራ ቢዘልቅ፣ ከዚያም በታረደው ሥጋ ጎድን ላይ ቢታተም፣ ገዢው ባለ ልኳንዳውን ቁጥሩን አሳየኝ ሊለው ይችላል። ዛሬ ግን ምልክት ያለበት ጆሮ ከጭንቅላቱ ጋር በማረጃው ይቀራል፤ ልኳንዳው በር ላይ የሚደርሰው ጽሑፉ ብቻ ነው።